የሙሽራ ጌጥ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የጎጃም ልማድ፣ የብር ፍተሻና የህንድ ጌጥ ትርጉም

ጥሎሽ ሲከፈት ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ቀሚሱ ላይ አይደለም፤ ጌጡ ላይ ነው። እናቶች አንሥተው በእጃቸው ይመዝኑታል፣ አገላብጠው መጋጠሚያውን ያያሉ፣ "መስቀሉስ?" ብለው ይጠይቃሉ። ስሕተት ካለ የሚጋለጠው እዚያው ነው። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ ዲዛይን ይመርጣል፣ ቀጥሎ በዋጋ ይከራከራል፣ የልጅቱን እምነትና የቤቷን ልማድ የሚያስበው ከከፈለ በኋላ ነው። ይህ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ጌጡ የት እንደሚውልና እዚያ ውሎ ምን እንደሚናገር እወቁ፤ ከዚያ ማዕድኑን፣ ከዚያ ክብደቱን እዩ። ዲዛይን የመጨረሻው ነው።

አንገት ይቅደም

በኦርቶዶክስ ቤት የአንገት ነገር የሚጀምረው ከማተብ ነው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የሚታሰረውን ክር ማንም ጌጥ ብሎ አይቆጥረውም፤ ሌላው የአንገት ጌጥ ሁሉ ግን ቦታ የሚያገኘው እሱን አይቶ ነው። "በማተቤ" ተብሎ ይማልበታል፣ ቃሉን ያፈረሰም "ማተቡን በጠሰ" ይባላል። ስለዚህ ማተቧን ካልፈታች የማይምርባትን፣ አንገት ላይ ተጣብቆ የሚውል አጭር ሀብል ለሙሽራ አትግዙ። 40 ሴንቲ ሜትር ሀብል ማተቡ ካለበት ቦታ ላይ ያርፍና ክርና ሰንሰለት ይጠላለፋሉ፤ ክሩም በሰንሰለቱ ፍትጊያ ይሳሳል። ማተቧ አጭር ከሆነ ከ50 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር ያለው ሀብል ዝቅ ብሎ ይውላል፤ ሁለቱም ለየብቻ ይታያሉ።

አዲስ ክር የምታስሩ ከሆነ የጥጡን ክር መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ቁረጡት። ያልታጠበ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ያጥራል፤ በልክ የታሰረ ክር ከሳምንት በኋላ አንገት የሚይዘው ለዚህ ነው። መስቀል ለሚንጠለጠልበት የአዋቂ ክር 65 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ 15ቱ ለቋጠሮ ይሄዳል። የሐርና የናይለን ክር ስለሚያንሸራትት አንድ ቋጠሮ አይበቃውም፣ ድርብ አድርጋችሁ አጥብቁት። ለሕፃን ክሩ ቀጭን ጥጥ ይሁን፣ በክሩና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት በደንብ ይግባ፤ መስቀልም ዶቃም አይኑርበት። ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፣ ጠንካራ ክርም የሆነ ነገር ላይ ቢያዝ አይበጠስም። መስቀሉ ሲያድግ ይደርሳል።

የመስቀሉ ማንጠልጠያ ቀለበት ብዙ ጊዜ የሚረሳ ክፍል ነው። ክር ላይ ከዋለ ለዓመታት አያልቅም፤ በብረት ሰንሰለት ከተንጠለጠለ ግን ብረቱ ብሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ሳይጠፋባችሁ አንጥረኛ ዘንድ አስቀይሩት።

አንገታቸው ላይ ድሪ የመሰለ ንቅሳት ያላቸው አያቶች በየገጠሩ አሁንም አሉ። ለእነሱ ንቅሳቱ ራሱ ጌጥ ነው፣ አይጠፋም፣ አይሰረቅም። ለእንዲህ ያለች አያት ስጦታ ስታስቡ ንቅሳቱን የሚሸፍን ወፍራም ማርዳ ሳይሆን ጉትቻ ወይም ቀለበት ውሰዱላት።

ሞጣም ሆነ ባሕር ዳር ለሙስሊም ቤት የሚገዛው ጌጥ ስሌቱ ሌላ ነው። ወርቅ ለሴት የተፈቀደ ነው፣ ለወንድ ግን አይደለም፤ ስለዚህ የሙሽራው ቀለበት ብር ይሁን። ብዙ ጊዜ ጥንድ የወርቅ ቀለበት ተገዝቶ አንዱ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ይህ ስላልታሰበ ነው። የአላህ ስም ወይም አንቀጽ የተጻፈበት ማንጠልጠያ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲገባ ስለሚወልቅ በአንድ እጅ የሚከፈት መቆለፊያ ምረጡለት። ጌጡ ለመህር (ባል ለሙሽራዋ ለሚሰጣት የጋብቻ ስጦታ) የሚሰጥ ከሆነ ግራሙና ካራቱ በኒካው ጊዜ በግልጽ ይነገር። የወርቁ መጠን 85 ግራም ንጹሕ ወርቅ ሲደርስ የዘካ ጥያቄ ይነሣል፤ በሚለበስ ጌጥ ላይ ዘካ አለ የለም በሚለው መዝሀቦች (የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤቶች) ስለሚለያዩ የቤተሰቡን ዓሊም ጠይቁ። በጴንጤ ቤት ደግሞ ብዙዎች ክርም መስቀልም አያስሩም፤ አንድ ቀለበት ብቻ የሚበቃቸው አሉ። ጠይቆ መግዛት ነውር የለውም።

አንድ ነገር በየትኛውም ቤት ተጠንቀቁ። ገበያ ላይ ባለቀለም ዶቃ ሁሉ "ጨሌ" እየተባለ ይሸጣል። ጨሌ ከዛር ጋር የተያያዘ ስም ነው፤ በጥሎሽ ፊት ይህን ስም መጥራት ጌጡንም ሰጪውንም ያስጠላል። ዶቃ ዶቃ ይባል።

እጅና እግር

ሐዘን ሲደርስ ጉትቻ፣ ቀለበት፣ አምባር ይወልቃል፤ ማተብ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በግድ የገባ፣ በሳሙና እንኳ የማይወልቅ አምባር ጥሩ ስጦታ አይደለም። የእጅን ልክ ለማግኘት አውራ ጣቷን ወደ ትንሿ ጣት አጥፋ፣ እጇን አጥብባ ትያዝ፤ ሰፊው ቦታ ላይ ክር አዙሩና በማስመሪያ ለኩት። 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለ3.14 ስታካፍሉት 6.4 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ የአምባሩ የውስጥ ስፋት ያ ነው። ልኩን ጠዋት ሳይሆን ወደ ማታ ውሰዱ፣ እጅ ከሥራና ከሙቀት በኋላ ያብጣል።

አልቦ አሁን በአብዛኛው ለሠርግና ለበዓል የሚወጣ ጌጥ ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ስለሚወልቅ እግር ላይ ያለው ሁሉ ይታያል፣ ጠጠር ያለበት አልቦ ደግሞ በየእርምጃው ይንሿሿል። ሙሽራዋ በተክሊል የምታገባ ከሆነ ድምፅ የሌለውን አሠሩ፣ ወይም የሚንሿሿውን ለመልስ አቆዩት።

ብሩ ብር ነው?

በአገራችን የድሮ የብር ጌጥ አብዛኛው የመጣው ከቀለጠ ጠገራ ብር ነው። ጠገራ የሚባለው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ምስል ያለበት የብር ገንዘብ፣ ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 እ.ኤ.አ. በኋላም በዚያው ዓመት ቁጥር ሲመታ ኖረ። ክብደቱ 28.07 ግራም ሲሆን ከ1000 እጁ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው፤ ከአንዱ ጠገራ 23.4 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር ይገኛል። ለማቅለጥ ጠገራ ስትገዙ ጠርዙን እዩ። የእውነተኛው ጠርዝ ዙሪያውን ፊደልና ጌጥ አለበት። በቅርጽ የተቀዳው ሐሰተኛ ግን ጠርዙ ላይ የሞረድ ጭረት ወይም የመጋጠሚያ መስመር ያሳያል።

ለተሠራ ጌጥ ማግኔት ብቻ አይበቃም። ማግኔት ብረትን ይለያል እንጂ ነሐስን፣ መዳብንና አብዛኛውን "ነጭ ብር" የሚባለውን የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ቅልቅል አይስብም። ቤት ውስጥ የሚሠራው የውኃ ሚዛን ነው፤ ብዙ ሰው ስለማይጠቀምበት ነው የሚታለለው። የሚያስፈልገው 0.1 ግራም የሚያነብ (0.01 ቢሆን ይሻላል) ሚዛን፣ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ውኃና ቀጭን ክር ብቻ ነው። ጌጡን ደረቁን መዝኑና ጻፉ። ቀጥሎ ኩባያውን ከነውኃው ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ጌጡን በክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ አስጥሙት፤ ግን የኩባያውን ታችም ጎንም አይንካ። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየውን ቁጥር ጻፉና የመጀመሪያውን በሁለተኛው አካፍሉ።

መስቀሉ 25.5 ግራም መዝኖ ውኃው ላይ 2.5 ካሳየ ውጤቱ 10.2 ነው፤ ያ የጠገራ ብር ቁጥር ነው። 925 ብር 10.4 አካባቢ ይወጣል፣ ንጹሕ ብር 10.5። ያው 25.5 ግራም መስቀል ውኃው ላይ 3.0 ካሳየ ውጤቱ 8.5 ነው፤ ነሐስ ወይም ነጭ ቅልቅል ይዛችኋል። ወርቅን ከወርቅ ቅብ ብር ለመለየት ይህን የመሰለ የለም። 18 ካራት ከ15 እስከ 16፣ 21 ካራት ወደ 17 ይሰጣል፤ ወርቅ የተቀባ ብር ግን ያው 10 ላይ ይቀራል፣ ቀለሙ ምንም ቢያብረቀርቅ።

ፍተሻው የሚሳሳትበት መንገድም አለ። በጌጡ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ቁጥሩን ያወርደዋል፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምራችሁ ጌጡን ውኃ ውስጥ ወዝውዙት። ውስጡ ባዶ የሆነ ዶቃ፣ ጉትቻ ወይም አልቦ እውነተኛ ብር ቢሆንም ዝቅ ብሎ ይወጣል። ከ5 ግራም በታች ያለ ነገር ደግሞ በ0.1 ሚዛን አይፈተንም፣ የሚዛኑ ስሕተት ውጤቱን ያዛባዋል። ለቀጭን ቀለበት ወርቅ ቤት ሄዳችሁ በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ ይታይላችሁ። ድንጋይና ክር ያለበትም ጌጥ በውኃ አይመዘንም።

ሰሙ ሲፈስ

ጎጃም ሰምና ወርቅ ሲባል ሁሉም ቅኔን ያስባል፤ ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤት ናቸውና። ስሙ ግን የአንጥረኛ ነው። አንጥረኛው መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሲደርቅ ያሞቀውና ሰሙ ይፈሳል፤ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ ብሩ ወይም ወርቁ ይገባል። ይህን ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል፤ ሰሙን አይቶ ጌጡን ማዘዝ ይቻላልና።

የሰሙን ቅርጽ መዝኑት። ሰም ከውኃ ትንሽ ይቀላል፤ ስለዚህ 1 ግራም ሰም በ833 ብር 10.6 ግራም ገደማ፣ በ18 ካራት ወርቅ 16 ግራም ገደማ ይሆናል። 2 ግራም የሰም መስቀል 21 ግራም የብር መስቀል ነው ማለት ነው። አንጥረኛው ለመፍሰሻው ቦይ ሢሶ ያህል ጨምሮ ይጠይቃችኋል፤ እሱ ስርቆት አይደለም፣ ቀረጻው ሲያልቅ ተቆርጦ ይመለሳል። "ቀላል መስቀል እፈልጋለሁ" ብሎ ከመከራከር ሰሙ ላይ እያለ ማሳሳት ይሻላል፤ ብሩ ከፈሰሰ በኋላ በሞረድ መቀነስ ብክነት ነው።

ቀረጻ የሚበላሸው በእርጥበት ነው። ጭቃው ከውስጥ ሳይደርቅ ትኩስ ብር ሲገባበት ውኃው ተንኖ ቅርጹን ይሰነጥቀዋል፣ ወይም ብሩ ውስጥ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ነገር ይተዋል። ጥር ላይ ሠርግ ተደራርቦ ሲቻኮሉ የሚሠራ ጌጥ ቀዳዳ የሚበዛበት ለዚህ ነው። ከጥምቀት በኋላ ለሚሆን ሠርግ ትእዛዙን ኅዳር ላይ ስጡ። ሲቀበሉ መስቀሉን ወደ ብርሃን አቅርባችሁ እጆቹ የሚገናኙበትን አንጓ እዩ፤ ጥቃቅን ጉድጓድ ካለ የሚሰበረው በዚያ ነው።

በቀጭን የብር ሽቦ የተጠላለፈ ሥራ ከሆነ ደግሞ ብየዳው ይታይ። ጥሩ ብየዳ ከብር፣ ከመዳብና ከዚንክ የተሠራ ነው፤ ቀለሙም ከጌጡ ጋር ይመሳሰላል። ግራጫ፣ ድፍን ያለና በጥፍር የሚጫር ብየዳ ካያችሁ ቆርቆሮ ወይም እርሳስ ነው። ዛሬ ይይዛል፤ ነገ ግን ሌላ አንጥረኛ ለጥገና እሳት ሲያቀርብበት እርሳሱ ብሩን ዘልቆ ይበላዋል፣ ጌጡም ይቦደሳል። እንዲህ ያለውን ሳትቀበሉ መልሱ።

ከአንጥረኛው ጋር ሦስት ቁጥር በወረቀት ይኑራችሁ፦ የሰጣችሁት ብር ክብደት፣ የተመለሰው ጌጥ ክብደት፣ የተመለሰው ቁራጭና የሞረድ ብናኝ ክብደት። በመጀመሪያውና በሁለቱ ድምር መካከል ልዩነት ይኖራል፤ መጠኑን አስቀድማችሁ ተስማሙ። የእጅ ዋጋ ከብሩ ዋጋ ተለይቶ ይነገር፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ማንም ሂሳቡን አይረዳውም።

የአያት ድሪ ወይም መስቀል ለማቅለጥ ሲታሰብ ግን ቆም በሉ። አሮጌ የእጅ ሥራ ከቀለጠው ብሩ በላይ ዋጋ አለው፣ አንዴ ከቀለጠ አይመለስም። አሮጌ የቤተ ክርስቲያን መስቀል ከማያውቁት ሰው መግዛት ደግሞ ጨርሶ አይገባም፤ የደብር ንብረት ሊሆን ይችላል፣ ቅርስን በተመለከተም አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ።

የህንድ ዲዛይን ሲገዛ

ለመልስና ለሒና ምሽት የህንድ ሴት ዲዛይን የተለመደ ሆኗል። ጌጡ ያምራል፤ ችግሩ ትርጉሙን ሳያውቁ መግዛቱ ነው። በህንድ ሴቶች ዘንድም ጌጥ እንደኛው እምነትን፣ ትዳርንና ክፍለ አገርን ይናገራል።

ጥቁር ዶቃና የወርቅ ማንጠልጠያ ያለው ማንጋልሱትራ የሚባለው ሀብል ሂንዱ ባል በሠርጉ ቀን በሙሽራዋ አንገት የሚያስረው የትዳር ምልክት ነው፤ በደቡብ ህንድ ታሊ ይሉታል። ላላገባች ልጅ ስጦታ አይሆንም። በቤንጋል ነጭ የዛጎልና ቀይ አምባር አንድ ላይ የምታደርግ ሴት ባለትዳር ናት። በፑንጃብ ሙሽራ ቀይና ነጭ አምባር እስከ ክንዷ ደርድራ ቢያንስ ለ40 ቀን ታቆየዋለች። እግር ላይ ግን ብዙ ሂንዱ ሴቶች ወርቅ አያደርጉም፤ ወርቅ የሀብት አምላክ ከሚሏት ከላክሽሚ ጋር ስለሚያያዝ ከወገብ በታች ማዋል እንደ ንቀት ይቆጠራል። የእግር ሰንሰለታቸውና የእግር ጣት ቀለበታቸው ብር የሆነው በድህነት አይደለም። ከህንድ መምህርት ወይም ጎረቤት ጋር ስጦታ የምትለዋወጡ ከሆነ የወርቅ አልቦ አትውሰዱላት።

ለእኛ ገዢ ዋናው ማጣራት ማንጠልጠያው ላይ ያለው ምስል ነው። በትልልቁ ባለወርቅ ቅብ ስብስብ ላይ ብዙ ጊዜ ትንንሽ ምስሎች ይኖራሉ፤ ከሩቅ አበባ ይመስላሉ። የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሽ ነው፣ አበባ ላይ የተቀመጠች ሴት ላክሽሚ ናት። እነዚህ በሂንዱ ቤተ መቅደስ ጌጥ አምሳል የተሠሩ የአምልኮ ምስሎች ናቸው። ማተብ ያሰረች ሙሽራ ወይም ሙስሊም ሙሽራ ሳታውቅ አንጠልጥላው ፎቶ ከተነሣች በኋላ ማዘኗ አይቀርም። ሱቁ ውስጥ በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ አንድ በአንድ እዩ፤ ጀርባውንም ገልብጡ። የፒኮክ፣ የማንጎና የቅጠል ቅርጽ ግን ማንም ሊያደርገው የሚችል ጌጥ ነው።

ደግሞ ለእኛ ቅርብ የሆነ አለ። በኬረላ ያሉ የሶርያ ሥርዓት ክርስቲያኖች ሚኑ የሚባል ትንሽ የወርቅ ማንጠልጠያ ለሙሽራዋ ያስራሉ፤ በላዩ በጥቃቅን ጉብጉቦች የተሠራ መስቀል አለው። የሚታሰረውም ባልየው ከሚሰጣት የሠርግ ልብስ በተመዘዙ 7 ክሮች ነው። መስቀል፣ ክርና ቃል ኪዳን በአንድ አንገት ላይ፤ የጎጃም እናት ብታየው ሳይተረጎምላት የምትረዳው ጌጥ ነው። የህንድ መልክ ያለው ነገር ለምትፈልግ ኦርቶዶክስ ሙሽራ ይህን ቅርጽ ማሠራት ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ይመስለናል።

ከህንድ የመጣ እውነተኛ ወርቅ በብዛት 22 ካራት ነው፤ 916 የሚል ቁጥር ይኖረዋል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአገሩ ማኅተም ላይ የሦስት ማዕዘን ምልክት፣ የጥራቱ ቁጥርና ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት 6 ምልክት ያለው መለያ ይታተማል። "የህንድ ወርቅ" ተብሎ ይህ ሁሉ ከሌለው ቅብ ነው ብላችሁ ጀምሩ፤ የውኃ ሚዛኑ ያረጋግጥላችኋል። ርካሹ ቅብ ከሥሩ ኒኬል ሊኖርበት ስለሚችል ጆሮና አንገት ያሳክካል። አዲስ ለተበሳ ጆሮ በፍጹም አይሁን፤ ቀዳዳው እስኪድን፣ 6 ሳምንት ያህል፣ ወርቅ ብቻ ይዋል።

ሲጠቁርና ሲቀመጥ

ብር የሚጠቁረው ከድኝ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ድኙ ደግሞ ከጭስ፣ ከሽንኩርት፣ ከእንቁላል፣ ከሱፍና ከላስቲክ ይመጣል። ለማጽዳት የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ሳህን በአሉሚኒየም ፎይል አልብሱ፣ 1 ሊትር የፈላ ውኃና 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፣ ጌጡ ፎይሉን እንዲነካ አስቀምጡት። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከሸተታችሁ ድኙ እየለቀቀ ነው። በንጹሕ ውኃ አለቅልቁና በጥጥ ጨርቅ አድርቁ።

ይህ ለቅብ፣ ለዶቃ፣ በሙጫ ለተያዘ ድንጋይና በክር ለተሰካ ነገር አይሆንም። ቅርጽ የተቀረጸበትን አሮጌ መስቀልም አትንከሩት፤ በጎድጓዳው ውስጥ ያለው ጥቁረት ነው ቅርጹን የሚያሳየው፣ ሲነጣ መስቀሉ ሜዳ ይሆናል። እሱን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ከላይ ከላይ ወልውሉት። አመድና የጥርስ ሳሙና ብሩን ይጭሩታል። በረኪና ደግሞ ብሩንም ወርቁንም ይጎዳል፤ ልብስ ስታጥቡ ቀለበት አውልቁ።

ስታስቀምጡ እያንዳንዱን በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጉ፣ እርጥበት እንዲስብ አንድ ቁራጭ ጠመኔ ጨምሩበት። ሰንሰለቱ መቆለፊያው ተዘግቶ ይቀመጥ፣ አለበለዚያ ይተበተባል።

ጥሎሹ የተቆጠረ ቀን የጌጡ ዝርዝር በሁለት ቅጂ ይጻፍ፦ የዕቃው ስም፣ ማዕድኑ፣ ካራቱ ወይም ጥራቱ፣ ክብደቱ በግራም፣ ለማን እንደተሰጠ። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይፈርሙበት፣ ከጎኑም የእያንዳንዱ ፎቶ ይኑር። ለሙሽራዋ በስጦታ የተሰጠ ጌጥ የግል ንብረቷ መሆኑን ለማስረዳት ወደፊት የምትይዘው ወረቀት እሱ ነው። አንዱ ቅጂ በሙሽራዋ እናት እጅ ይቀመጥ።